መብራቱ አረንጓዴ እስኪሆን

ትዕግሥት የለኝም። አዳማ ቤታችን ገብቼ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ እናቴ «ደግሞ ወዴት ልትበሪ ነው?» ትለኛለች። የኔትወርክ ሥራን የወደድኩት ዛሬ ሞጆ፣ ነገ ዝዋይ ስለሚያዞረኝ ነው። ክፋቱ፣ ሥራው ግማሹ መጠበቅ ነው።

መስከረም ላይ ወደ መተሐራ በሚወስደው መንገድ ወዳለ አንድ ሆስፒታል የሆስፒታሉን ኮምፒውተሮች እርስ በርስ የሚያገናኙ ሦስት ስዊቾች ላያይዝ ተላክሁ። ተደራርበው እንደ አንድ እንዲሠሩ ከጀርባቸው በአጫጭር ወፍራም ኬብሎች ይያያዛሉ፤ አንደኛው ከሁለተኛው፣ ሁለተኛው ከሦስተኛው፣ ሦስተኛው ዞሮ ከአንደኛው። ቀለበቱ ከተዘጋ አንድ ኬብል ቢበላሽ እንኳ መስመሩ አይቋረጥም። ለዚህ ግን ሁሉንም አጥፍቼ እንደገና ማብራት ነበረብኝ።

ኮሪደሩ ላይ አንዲት ከአካባቢው የሸንኮራ እርሻ የመጣች እናት ትኩሳት ያንገበገበውን ልጇን ታቅፋ የደም ውጤት ትጠብቃለች። የመጀመሪያ ልጇን የነጠቃት ማጅራት ገትር ነው፤ እሱንም እንዲሁ በትኩሳት እንደጀመረው ነገረችኝ። ሐኪሙ ውጤት የሚያየው በኮምፒውተር ነው። መስመሩን ያቋረጥኩት ደግሞ እኔ።

«እህቴ፣ ይቆያል እንዴ?» አለችኝ።

የስዊቾቹ መብራቶች ብርቱካናማ ሆነው ብልጭ ድርግም ይላሉ፤ አረንጓዴ እስኪሆኑ መስመሩ አይመለስም። ኬብሉን ነቅዬ እንደገና ልሰካው እጄን በላኝ፤ ብነቅለው ግን ሁሉም ከጅምሩ ነው። የላቦራቶሪው ሰውዬ በመስኮት አይቶኝ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ብሎ ቀለደብኝ። ተናደድኩ። የልጁ ውጤት ደርሶ እንደሆነ ጠየቅኩት። ደርሷል፤ ግን ለቤተሰብ በእጅ አይሰጥም፣ እሱም ብቻውን ስለሆነ ክፍሉን ጥሎ መሄድ አይችልም። ኔትወርክ ከገባ ወዲህ ወረቀት የሚያመላልስ ሰው ቀርቷል።

«ጽፈህ ስጠኝ፣ ለሐኪሙ እኔ አደርሰዋለሁ» አልኩት። ስዊቾቹን እንደበሩ ትቼ ግቢውን በሩጫ አቋረጥኩ፤ እናትየዋም ልጇን አቅፋ ከኋላዬ። ሐኪሙ ሲያነብ ሁለታችንም የምናየው ፊቱን ነበር።

«ወባ ነው» አላት። «መድኃኒቱን አሁኑኑ እንጀምርለታለን።»

ግድግዳውን ተደገፈች። «ወባ? ወባ ብቻ?» አለችና እንባዋ ወረደ። «ተመስገን ጌታዬ።»

በዚያ በረሃ ወባ ያልያዘው የለም፤ መድኃኒቱንም ሁሉ ያውቀዋል። እኔም ተመስገን ብዬ ወደ ስዊቾቼ ተመለስኩ።