ታሪፉን ያስከበረችው ግዝት

ዛሬ መካነ ኢየሱስ መናኸሪያ የመንግሥት ታሪፍ በግዝት ሲከበር አየሁ!

ወደ ደብረ ታቦር ልንሄድ አውቶብስ ተሳፍረናል። ታሪፉ መስታወቱ ላይ ተለጥፏል፤ ረዳቱ ግን ጨምሩ ይላል። «ያልተመቸው ይውረድ!»

እንደ ልማዳችን እያጉረመረምን ኪሳችንን መዳበስ ጀመርን። (የመናኸሪያው ተቆጣጣሪ? እሱማ ሻይ እየጠጣ ነበር።)

ያኔ ከፊት የተቀመጡት ቄስ ተነሡና መስቀላቸውን አወጡ። «ከታሪፉ በላይ የሚከፍልም የሚቀበልም በአፈ ጴጥሮስ ወጳውሎስ የተገዘተ ይሁን!»

እጅ ሁሉ ባዶውን ከኪስ ወጣ። አጠገቤ የነበሩት ሙስሊም ነጋዴ እንኳ «መምሬ፣ እኔንም ይጨምሩኝ!» አሉ።

ሾፌሩ ደንግጦ ወደ ረዳቱ ዞረ። «አንተ! ነገ ልጄን ክርስትና አስነሣለሁ፤ ተገዝቼ ቤተ ክርስቲያን በየት በኩል ልግባ? በታሪፉ ተቀበል!»

ይኸው፣ በታሪፉ ደብረ ታቦር ገባን!

እናንተ ዘንድስ መንግሥት የቆረጠውን ታሪፍ የሚያስከብርላችሁ ማን ነው?