ሦስት መቶ አሥራ ሁለቱ ባዶ ካርዶች

የክሊኒኩ ሰው ሁሉ «እትዬ ካርድ» ነው የሚላቸው። መዝገብ ቤቱ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ሲሠሩ ያልነኩት የታካሚ ካርድ፣ ያላራገፉት አቧራ የለም። ካርዶቹ በሙሉ ስካን ተደርገው ኮምፒውተር ውስጥ ከገቡ በኋላ ግን ከባዶ መደርደሪያ ጋር ተፋጠው ቀሩ።

እጅ አጣጥፎ መቀመጥ የማይሆንላቸው ሴት ናቸውና፣ የቴክኒክ ትምህርት ቤት መምህርት የሆነችውን ምራታቸውን «እስቲ ያን ኮምፒውተርን በጽሑፍ ማዘዝ የምትይውን ነገር አሳዪኝ» አሏት። ምራትየው ደስ አላት። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት የምግብ ጠረጴዛው ላይ፣ ባሽ በሚባለው የትእዛዝ ቋንቋ ትንንሽ መልመጃ ትሰጣቸው ጀመር።

የመጀመሪያው መልመጃ ሉፕ ነበር፤ አንድን ሥራ ደጋግሞ ማሠራት። «ደህና አደርሽ» የሚል ሰላምታ አምስት ጊዜ እንዲጽፍ አዘዙት። በየዙሩ ቁጥሩን አንድ የሚጨምረውን መስመር ግን ረሱት። ሰላምታው ስክሪኑን ሞልቶ እንደ ጎርፍ ይወርድ ጀመር። ጡረታ የወጡት ሾፌር ባላቸው መነጽራቸውን አስተካክለው ጠጋ አሉና፣ «ማነው ይሄ ደግሞ? እኔ በሠላሳ ዓመት ትዳር ይህን ያህል ደህና አደርሽ አላልኩሽም» አሉ።

«አንተንም እንዲህ ማዘዝ ብችል ኖሮ» አሉ እትዬ። ምራትየው እየሳቀች ኮንትሮልና ሲ የሚባሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ተጭና አስቆመችው።

ቀጥሎ «ኢፍ» መጣ፤ እንዲህ ከሆነ ይህን ሥራ፣ ካልሆነ ያንን። እዚህ ላይ ፍዳቸውን አዩ። «ከሆነ» የሚባለው ነገር በቅንፍ ውስጥ ይጻፋል፤ ከቅንፉ ቀጥሎ ትንሽ ክፍተት ካልተተወ ባሽ አሻፈረኝ ይላል። ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ከዚያች ክፍተት ጋር ግብ ግብ ገጠሙ። «ትልቅ ስህተት ብሳሳት ባልከፋኝ፤ ይቺ እኮ ምንም ናት» ይሉ ነበር። በሦስተኛው ቅዳሜ ተሳካላቸው፦ ፋይሎችን አንድ በአንድ እያየ፣ ባዶ የሆነውን ለይቶ ስሙን የሚጽፍ ትእዛዝ ጻፉ።

ሰኞ ቢሮ ገብተው ለመለማመድ ያህል ያንኑ ኮምፒውተር ውስጥ በገቡት የክሊኒኩ ካርዶች ላይ ሞከሩት። አንድም ስም አይወጣም ብለው ነበር። ስሞቹ ግን ተከታትለው ወረዱ፤ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት። የተሳሳቱ መስሏቸው አንዱን ፋይል ከፈቱት። ስም እንጂ ሆድ የለውም። ሌላውም ያው ነው። እትዬ ክው አሉ። ዋናዎቹ ወረቀቶች በጆንያ ታስረው በር ላይ ተቀምጠዋል፤ ከሰዓት በኋላ መኪና ወስዷቸው ሊቃጠሉ ነው።

የስሞቹን ዝርዝር ይዘው የክሊኒኩ ኃላፊ ዶክተር ጋ ሲደርሱ ትንፋሻቸው ተቆራርጦ ነበር።

«ዶክተር፣ መኪናው አይምጣ።»

«ስካን ያደረጉት ባለሙያዎች ሁሉም ገብቷል ብለውኛል እኮ፣ እትዬ።»

«ከዚህ ዝርዝር ደስ ያለዎትን ይምረጡና እንክፈተው።»

ዶክተሩ ሦስት መረጡ። ሦስቱም ባዶ ሆኑ። አራተኛ ሳይጠይቁ ስልኩን አንስተው መኪናውን አስቀሩት።

ካርዶቹን ከየጆንያው ለቅሞ እንደገና ስካን ማድረግ አራት ቀን ፈጀ። ከመካከላቸው አንዲት እናት መወጋት የሌለባት መድኃኒት በቀይ የተጻፈበት ካርድ ነበር፤ እትዬ እሱን ሁለት ጊዜ ስካን አደረጉት።

አርብ ዕለት ዶክተሩ ራሳቸው መዝገብ ቤት መጡና ወንበር ስበው ተቀመጡ። «እኔንም ያስተምሩኝ» አሉ።

«ደብተር ይዘዋል?» አሉ እትዬ።

አልያዙም ነበር። እትዬ ከመሳቢያቸው አንድ አውጥተው ሰጧቸው።