ለቶርታው የተቀመጠ ስኳር

ጎፋ ውስጥ እማዋይሽን የማያውቅ ሰው ካለ ወይ ጥርስ የለውም፣ ወይ ትናንት የመጣ ነው። ቦምቦሊኖ ጠብሳ ትሸጥ ነበር። ጠዋት ጠዋት በሯ ላይ ትልቁን ብረት ድስት ጥዳ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ወደ ፋብሪካ የሚጎርፈውን ወዛደር ሁሉ ታበላዋለች። እኔ አጥር የምጋራት ጎረቤቷ ነኝ። ስንት ዓመት ሙሉ የእሷ ዘይት ሽታ ነው ከእንቅልፌ የሚቀሰቅሰኝ፤ ስለዚህ እሷን ለማማት ከእኔ የተሻለ መብት ያለው ሰው የለም።

ስሟን ያስጠራው ግን የጠዋቱ ቦምቦሊኖ ሳይሆን የሠርጉ ነው። በደርግ ጊዜ ስኳር ከቀበሌው ኅብረት ሱቅ በየቤተሰቡ ተመጥኖ ነበር የሚታደለው፤ ያውም ሲመጣ ነው። ለወዛደር ቤተሰብ ፒያሳ ወጥቶ የሠርግ ቶርታ ማሠራት የማይታሰብ ነገር ነበር። ሙሽሮች ደግሞ አንድ የሚጣፍጥ ነገር አብረው ካልቆረሱና ካልተጎራረሱ ሠርጉ ሠርግ አይመስላቸውም። አንዳንዱ በድፎ ዳቦ ይገላገላል። አንዳንዱ ደረቅ ብስኩት በትሪ ደርድሮ፣ አበባ ጣል አድርጎበት ያልፋል። የቦምቦሊኖውን መላ ያመጣችው እማዋይሽ ናት።

አናጢ የሠራላትን ክብ ጣውላ በነጭ ጨርቅ ትሸፍናለች። መሐሉ ላይ ቀጥ ያለ ዘንግ ተተክሏል። ቦምቦሊኖዎቹን በቀዳዳቸው እያሾለከች ዘንጉ ላይ ትደረድራለች፤ የታችኞቹ ድስቱን የሚሞሉ ናቸው፣ ወደ ላይ በወጡ ቁጥር እያነሱ ይሄዳሉ፣ የጫፏ ከሕፃን አምባር አትበልጥም። ያቺን የጫፏን ሙሽሮቹ አብረው ያነሱና ለሁለት ገምሰው ይጎራረሳሉ። ስኳሩን ሊጥ ውስጥ አታባክነውም። በሙቀጫ እስኪልም ወቅጣ ትኩሱ ላይ ትነሰንሰዋለች። «ውስጥ ከገባ ማን ያየዋል? ከላይ ከሆነ ምላስ ቀድሞ ያገኘዋል» ትል ነበር። እውነቷን ነው። በሁለት እፍኝ ስኳር መቶ ሰው ጣፋጭ በላሁ ብሎ ይሄዳል።

ደግሞ ሌላ ጥቅም ነበረው። ሰፈራችን ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ተቀላቅሎ የሚኖርበት ነው። ሠርግ ሲሆን ሥጋው ለየብቻ ይታረዳል፣ ገበታውም ለየብቻ ነው። ቦምቦሊኖው ግን የሁሉም ነው። የባለሱቁ የከድር ሚስት ዙሌካ «እኔ እናንተ ሠርግ የምመጣው ለእማዋይሽ ግንብ ስል ነው» እያለች ታስቀን ነበር። ስሙም በዚያው ቀረ፤ የእማዋይሽ ግንብ ተባለ።

አንድ ቀን ላፍቶ አንድ ሠርግ ላይ ግንቡን ተሸክመን ስንገባ፣ ከከተማ የመጣች ፀጉሯን የተተኮሰች ሴትዮ ቀና ብላ አየችውና «ምነው፣ ሻይ ቤት ነው እንዴ የተጠራነው?» አለች። አጠገቧ ያሉት ሳቁ። ክፋት ይሁን ጨዋታ አላውቅም፤ ሴትዮዋ ራሷ ኋላ ሦስት በላች። እማዋይሽ ግንቡን አስቀምጣ ጨርቁን አስተካከለች። ወደ ቤት ስንመለስ ግን መንገድ ላይ ቆም ብላ «በተናኘ ሠርግ እንዲህ የሚል ሰው አይገኝም» አለችኝ።

ተናኘ አንድያ ልጇ ናት። ባሏ ከሞተ በኋላ ያለቻት እሷ ብቻ ነበረች። ልጅቷ ዝምተኛ ናት፤ ከእናቷ ጎን ተቀምጣ ቦምቦሊኖውን በጋዜጣ እየጠቀለለች ለገዢ ትሰጣለች። ከገዢዎቹ አንዱ ላቀው ነበር። ፋብሪካ የሚሠራ፣ እኛው ቀበሌ ቤት ተከራይቶ የሚኖር፣ ረዘም ያለ፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን ልጅ ነው። በየጠዋቱ እየመጣ ሁለት ይገዛል። አንዱን እዚያው ቆሞ ይበላል፣ ሌላውን እየበላ ይሄዳል። «ይኸ ልጅ ቦምቦሊኖውን ነው ወይስ ጠቅላይዋን?» እያልን እንተርበው ነበር። እሱም ያፍርና አፉን ይሸፍናል። ውሎ አድሮ ያሳደጉት አጎቱ አቶ ነጋ ከላፍቶ ሽማግሌ ልከው ልጅቷ ተጠየቀች። ሠርጉም ለሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ጥር ማለቂያ ተቆረጠ።

እማዋይሽ ያን ጊዜ ነው ቶርታ ካልሆነ ብላ የተነሳችው። ፒያሳ ወጥታ አንድ ኬክ ቤት ጠየቀች። ስኳሩን አንቺ ካመጣሽ ሌላውን እኛ እንችላለን አሏት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሷ ቤት ሻይ በጨው ሆነ። የመጣላትን ስኳር ሁሉ በትልቅ የወተት ጣሳ ታጠራቅም ገባች። እኔም ከድርሻዬ ሰጥቻታለሁ። ጣሳው ግማሽ ሲደርስ ኅብረት ሱቁ ባዶ ሆነ። የሱቁ ሰውዬ «ለሳምንት ይመጣል» ይላል። ሳምንቱ ይመጣል፣ ስኳሩ ይቀራል።

ጥር እየተገባደደ ነው። ዐቢይ ጾም ከገባ ደግሞ እስከ ፋሲካ ሠርግ የለም። ዙሌካ አንድ ከሰዓት በኋላ መጥታ እንዲህ አለቻት፦

«እማዋይሽ፣ ይኸን ግማሽ ጣሳ ስኳር ወቅጪና ግንብሽን ሥሪ። ወላሂ፣ በዚህ ስኳር ጎፋን በሙሉ ታጠግቢበታለሽ።»

«የሰው ልጅ በግንብ ድሬ የራሴንም በግንብ?»

«ምን አለበት? የእጅሽ ሥራ አይደል?»

«ተይኝ ዙሌካ። አንቺ አልሰማሽም ያችን ሴትዮ።»

እኔም ተናግሬያታለሁ። ግን እማዋይሽ አንዴ ካለች አለች ነው፤ ግንባሯን ቋጥራ ዘይቷን ታያለች እንጂ አታይሽም።

በማግሥቱ አቶ ነጋንና ላቀውን አስጠርታ፣ ምሳ አብልታ፣ ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ይሁንልኝ ብላ ለመነቻቸው። አቶ ነጋ የሴት ወገን ካልተሰናዳ ምን ይደረጋል ብለው እሺ አሉ። ላቀው አቀርቅሮ በጣም ቀስ ብሎ ተናገረ።

«እትዬ፣ እኔ የምወደው የእርስዎን ቦምቦሊኖ ነው። ቶርታ ባይኖርስ?»

እማዋይሽ ሳቀች። ወደ እኔ ዞር ብላ «አየሽልኝ ጨዋነቱን?» አለች።

እዚህ ላይ ነው እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ። እኛ ዘንድ የወንድ ወገን ይኸ ይቅረብልን ብሎ አይጠይቅም። ብላ ሲሉት ጠግቤያለሁ፣ እንካ ሲሉት ይቅርብኝ ማለት የአስተዳደግ ምልክት ነው፤ ይቅርብኝ ያለ ሰው ሁለተኛና ሦስተኛ ይለመናል እንጂ ቃሉ እንደ ቃል አይያዝም። ልጁ እውነቱን ነበር የተናገረው። እሷ ግን ይሉኝታ መሰላት። እሱም ዳግመኛ ቢናገር አማቱን አትችይም ማለት መሰለውና ተወው። ተናኘ እዚያው ቆማ እጅ እያስታጠበች ነበር። የምታፈሰው ውኃ የአቶ ነጋን እጅጌ አራሰው። እናትየዋ «ምን ሆነሻል፣ አንቺ ልጅ?» ብላ ተቆጣቻት። ልጅቷም ይቅርታ ብላ ወጣች።

ጾሙ እኩሌታ ሳይደርስ ቀበሌው ለብሔራዊ ውትድርና ወጣት መመልመል ጀመረ። እኛ ቀበሌ የነበሩት ሊቀ መንበር ባለትዳሩን ለጊዜው እናቆይና ላጤዎቹ ይቅደሙ ብለው ወስነው ነበር። በጎ አስበው ይሆናል። የላቀው ስም ተጠራ። አቶ ነጋ ከዘራቸውን ይዘው ሊቀ መንበሩ ዘንድ ሮጡ።

«ልጁ ሊያገባ ነው፣ ጓድ።»

«ሠርጉ መቼ ነው?»

«ከፋሲካ በኋላ።»

«እንግዲያው ዛሬ ላጤ ነዋ» አሏቸው።

በሚሄዱበት ጠዋት ሰፈሩ ሁሉ መኪናው ጋ ወጣ። እማዋይሽ በነጭ ጨርቅ የተቋጠረ ቦምቦሊኖ ይዛ መጣች። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ የቶርታውን ስኳር ነክታ ነበር። ላቀው እዚያው ገመጠና «እትዬ፣ ዛሬስ ስኳር አበዙበት» አለ። አፉን በእጁ ሸፈነ። ተናኘ ከእናቷ ጀርባ ቆማ ነበር። መኪናው እስኪነሳ ድረስ ምንም አልተባባሉም፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ምን ሊባባሉ ይችላሉ?

የፋሲካ ሰሞን ስኳር መጣ። ለበዓሉ ተብሎ እጥፍ ታደለ። የእማዋይሽ ጣሳ እስከ አፉ ሞላ። ከድናው ቁምሳጥኑ አናት ላይ አስቀመጠችው፣ ማንም እንዳይነካውም አዘዘች። «ሲመለስ» አለችን። እኛም ሲመለስ አልን።

ከዚያ በኋላ የማውቃት እማዋይሽ ሌላ ሰው ናት። ግንቧን መሥራቱን አልተወችም፤ ጭራሽ አበዛችው። ነገር ግን ሠርግ ሊያዘገይ ያሰበ ቤተሰብ ካለ ሳትጠራ ትሄድበታለች። አንዱ በግ አልተገዛም ይላል፣ አንዱ ቤቱ አልተቀባም ይላል፣ እሷ ደጃቸው ላይ ቆማ ትጮህባቸዋለች። «ዛሬ ንገሩኝ፣ ነገ ግንቡ ይደርሳል። ምን ትጠብቃላችሁ?» ገበያ ፈልጋ ነው ብለው የሚያሟት ነበሩ። እኔ ሲያሟት ስሰማ ደሜ ይፈላል። ከሰው ሠርግ ስትመለስ አጥሩ ሥር ተቀምጣ የምታለቅሰውን የምሰማው እኔ ነኝ።

ተናኘን ሌላ ሰው ሁለት ጊዜ ጠይቋት ነበር። ሁለቱንም ጊዜ «ቃል አለብኝ» ብላ መለሰች። መጀመሪያ ላይ አንድ ደብዳቤ መጥቶ ነበር፤ ደህና ነኝ የሚል። ከዚያ ወዲያ ወሬውም ጠፋ።

በሰማንያ ሦስት ግንቦት መንግሥት ሲወድቅ፣ የተበተነው ወታደር ጫማው ያለቀ፣ ከንፈሩ የደረቀ፣ በየመንገዱ ወደየአገሩ ሲተም ተናኘ በሳፋ ቦምቦሊኖ ይዛ መንገድ ዳር ትቆም ጀመር። የመጣውን ሁሉ ታበላለች። በልቶ ሲጨርስ ነው የምትጠይቀው። ላቀው የሚባል፣ ረዘም ያለ፣ ሲስቅ አፉን የሚሸፍን። አላየንም እያሉ፣ አመስግነዋት ያልፋሉ።

ሰኔ ላይ ከፉሪ የመጣ አንድ ልጅ አቶ ነጋ ቤት ገባ። ከላቀው ጋር የዘመተ ነው። ላቀው የወደቀው ገና በሄደበት ዓመት ኖሯል። ይኸን ሁሉ ጊዜ ስንጠብቅ የነበረው የሞተ ሰው ነው።

መርዶው ሲነጋጋ ተነገረ። ላፍቶ አቶ ነጋ ደጅ ድንኳን ተተከለ። ተናኘ ጥቁር ለብሳ ከእኛ ጋር ሄደች። አስለቃሿ አጎቱን ጠራች፣ አክስቱን ጠራች፣ እህቱን ጠራች። ሚስት ብላ የምትጠራው ሰው አልነበራትም። ልጅቷ ከኋላ ከጎረቤት ሴቶች ጋር ተቀምጣ ነበር፤ ደረቷን ልትመታ እጇን አነሳችና መልሳ አወረደችው። ከፊታችን ያለች አንዲት ሴት «ይቺ ልጅ ምኑ ናት?» ብላ ጠየቀች። ሌላዋ «እጮኛው ነበረች መሰለኝ» አለቻት። «እህ» አለችና ፊቷን መለሰች። እማዋይሽ አጠገቤ ነበረች። ሰምታለች።

ጎፋ ስንመለስ የእነ እማዋይሽ ደጅ ጭር ያለ ነው። ድንኳን የለ፣ ለቀስተኛ የለ። ለቀስተኛው ላፍቶ ነው፤ እዚህ ማን ሞተና ማን ይመጣል? በማግሥቱ ጠዋት ግን ዙሌካ ምግብ በአገልግል ይዛ፣ ፊቷን አጥቁራ፣ ሐዘን ቤት እንደሚገባ ሰው ቀስ ብላ ገባች። ከተናኘ ጎን ምንጣፉ ላይ ተቀመጠችና እጇን ያዘች።

«አላህ ያጽናሽ፣ ልጄ። ባልሽ ነበር» አለቻት።

ተናኘ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። በዚያ ሁሉ ዓመት ድምፅ አውጥታ ስታለቅስ የሰማኋት ያን ቀን ብቻ ነው። እማዋይሽ በሩ ላይ ቆማ ስታይ ቆየችና መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«ዙሌካ ነግራኝ ነበር። እሱም ነግሮኝ ነበር» አለች። «አንቺ ለምን ዝም አልሽ? አንዲት ቃል ብትናገሪ ኖሮ በዚያው ሳምንት እድርሽ ነበር።»

ተናኘ ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች። ቁጣ የለባትም።

«ለባል ቸኮለች እንዳትዪኝ ፈርቼ ነው፣ እማዬ።»

 እማዋይሽ ተነሳችና ወንበር ላይ ወጥታ ጣሳውን ከቁምሳጥኑ አናት አወረደችው። ስኳሩ ከዓመታት ብዛት አንድ ድንጋይ ሆኗል። ሙቀጫ ውስጥ ገልብጣ በዘነዘናው ትሰብረው ጀመር። የዙሌካን አገልግል ያዩ ጎረቤቶች አንድ ሁለት እያሉ መምጣት ጀምረው ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ቤቱ ሞላ። እማዋይሽ ሻዩን በትልቁ ድስት አፍልታ የቶርታውን ስኳር በሙሉ ጨመረችበት። ለሁሉም ሰው በየተራ ቀዳች። እኔም አንድ ብርጭቆ ጠጣሁ፤ ሻዩ በጣም ጣፋጭ ነበር።