የአባቴ ቀይ ገመድ

ዛሬ ጠዋት መኪናዬ አልነሳም አለች። ቁልፉን ባዞርኩት ቁጥር «ጢቅ፣ ጢቅ» ከማለት በቀር ምንም የለም። ባትሪው እንደሞተ ወዲያው ገባኝ። አራት ዓመት አገልግሎኛል፤ ከገፈርሳ በኩል የሚመጣው የቡራዩ ጉም ደግሞ ለሰውም ለባትሪም አይመችም። አብሮኝ የሚኖረው የወንድሜ ልጅ ናሆም ሥራ እንዳይረፍድብኝ ብሎ በስልክ መካኒክ ጠራልኝ። የመጣው ቀልጣፋ የሚመስል ወጣት ነው። «ማዘር፣ አይጨነቁ፤ አሁን እናስተካክላታለን» አለኝና ከዚያ በኋላ ጭራሽ ረሳኝ። ዞሮ ናሆምን ይጠይቀው ጀመር።

«ባትሪው ስንት አምፔር ነበር? ከተገዛ ስንት ጊዜው ነው? ፖዘቲቩስ በየት በኩል ነው?»

ናሆም እኮ ኮፈኑ በምን እንደሚከፈት እንኳን አያውቅም! መኪናዋን የገዛሁት እኔ፣ የምነዳት እኔ፣ ባትሪዋን የመረጥኩት እኔ። ደሜ ፈላ። «ይሄ ደግሞ ምኑ ያናድዳል?» የሚል ሰው አይጠፋም። ያናድዳል! ለምን እንደሚያናድድ ለመናገር ግን የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ሆኜ ሱሉልታ ወደነበርኩበት ጊዜ መመለስ አለብኝ።

አባቴ ወተት ሰብሳቢ ነበር። ጎህ ሲቀድ በአሮጌ ፒክአፑ በየገበሬው ደጅ እየዞረ ወተቱን በጀሪካን ይጭንና የእንጦጦን ዳገት ተሻግሮ አዲሱ ገበያ ላሉት ደንበኞቹ ያደርሳል። ወንድሜ አዲስ አበባ አክስታችን ቤት ሆኖ ይማር ስለነበር፣ መኪናዋ ስትታመም አባቴን የማግዘው እኔ ነበርኩ። መፍቻ አቀብላለሁ፣ መብራት እይዛለሁ፣ የፈታውን ብሎን በቀሚሴ ጫፍ እቋጥራለሁ። እናቴ «ይቺ ልጅ ናፍጣ ናፍጣ እየሸተተች ማን ሊያገባት ነው?» ትል ነበር። አባቴ ይስቃል። እኔም እስቃለሁ፤ ያኔ ያስቀኝ ነበር።

አንድ ክረምት ላይ ባትሪውን ከመኪናዋ አካል ጋር የሚያገናኘው የነጌቲቩ ገመድ ተበጠሰ። ነጌቲቭ ጥቁር ነው፤ ቀይ የፖዘቲቭ ነው፤ ይሄን ሁሉም ያውቃል። መለዋወጫ ቤት የቀረው ግን አንድ ቀይ ገመድ ብቻ ነበር። አባቴ ምን ያድርግ? ቀዩን ገዝቶ በነጌቲቩ አሰረው። ዋናው የፖዘቲቭ ገመድ ደግሞ ከዕድሜ ብዛት ዘይትና አቧራ ጠጥቶ ጠቁሯል። ስለዚህ የኛ መኪና ነገር ተገለባበጠ፤ ቀይ የሚመስለው ነጌቲቭ፣ ጥቁር የሚመስለው ፖዘቲቭ ሆነ። አባቴ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «አደራ እንዳትረሺ፤ ይሄን የምናውቀው እኔና አንቺ ብቻ ነን» አለኝ። እንዴት እንደኮራሁ! የቤተሰቡን ምስጢር የነገረኝ ያህል ነበር የተሰማኝ።

በዓመቱ የአባቴን ዓይን ሞራ ጋረደው። ታከመና ሐኪሙ እንዳይነዳ ከለከለው። እኔ መንጃ ፈቃድ አውጥቼ ስለነበር «እኔ ልንዳ» ብዬ ለመንኩት። ሦስት ቀን አሰበበት። በአራተኛው ቀን፣ «እሺ ንጂ። እስከ ገና ድረስ አንድም ቀን ወተት ሳታበላሺ ከነዳሽ ሥራው ያንቺ ነው። ካበላሸሽ ግን ጌቱን እቀጥራለሁ» አለኝ። ጌቱ የአጎቴ ልጅ ነው፤ መንዳት ይችላል፣ በጠዋት መነሳት ግን አይችልም። ቁልፉን ተቀበልኩ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ የሚያስደስት ነገር በእጄ የያዝኩ አይመስለኝም።

ሁለት ሳምንት በሰላም ነዳሁ። ወሩ ጥቅምት ነበር። «ለጥቅምት አንድ አጥንት» ይባላል፤ ለሱሉልታ ጥቅምት ግን ሙሉ በሬ ቢታረድም አይበቃም። ሜዳው ጠዋት ጠዋት ውርጭ ለብሶ ነጭ ይሆናል። ሣሩ ታጭዶ በየቦታው ተከምሯል፤ የታጨደው ሣር ሽታ ከትኩስ ወተት ሽታ ጋር በመስኮቱ ይገባል። መሪውን በጓንት ይዤ፣ ሴት ሹፌር አይተው አፋቸውን የሚከፍቱትን መንገደኞች በጥሩንባ ሰላም እያልኩ አልፋለሁ።

አንድ አርብ የመጨረሻውን ወተት ከኦቦ ደበላ ደጅ ጫንኩ። ኦቦ ደበላ ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው ተከናንበው ቆመዋል።

«አካም ቡልተን፣ ኦቦ ደበላ?»

«ነጋ፣ ነጋ፣ ኢንታላ ኮ» አሉኝ። እንዴት አደሩ ብላቸው፣ ደህና፣ ደህና፣ «ልጄ» ማለታቸው ነው።

ቁልፉን ባዞረው፣ ጢቅ። ጎረቤት ተጠራርቶ ገፍቶ አስነሳልኝ። ባትሪው ማለቁ ገብቶኛል። እንጦጦ ዳገት ላይ ብትጠፋብኝ ማን ይገፋልኛል? ባትሪ መቀየር የሩብ ሰዓት ሥራ ነውና ቀይሬ ብሄድ ይሻላል ብዬ አስፋልቱ ዳር ካለው ጋራዥ አቆምኩ።

መለዋወጫ ቤቱ ፊት ለፊት ነው። ሻጩ መጀመሪያ ያወጣልኝን ባትሪ መለስኩለት፤ ፖዘቲቩ ያለው በተቃራኒው በኩል ስለሆነ ገመዳችን አይደርስም። ሁለተኛው፣ መደርደሪያ ላይ ዓመት የተኛ ነው፤ የተመረተበትን ቀን አይቼ እሱንም መለስኩ። ሦስተኛው ሰባ አምፔር፣ ቁመቱም ወርዱም ለመቀመጫው ልክ የሆነ፣ ዋልታዎቹም በትክክለኛው በኩል ያሉ። «ይሄ ነው» አልኩት። ሻጩ፣ «አባትሽ ነው እንዴት እንደምትመርጪ የነገረሽ?» አለኝ። ሒሳቡን ከፍዬ ባትሪውን ተሸከምኩ፤ ቸኩያለሁ።

ራሴ ልቀይረው ነበር፤ የጎደለኝ አስር ቁጥር መፍቻ ብቻ ነው። የጋራዡን መካኒክ በየነን መፍቻ አውሰኝ ብለው፣ «እኔ ቆሜ ሴት ልጅ እጇ በአሲድ ሲቃጠል ልይ?» ብሎ ባትሪውን ከእጄ ወሰደ። የቆመው ሰው ሳቀ። አሮጌውን ፈታ፣ አዲሱን አስቀመጠ፣ ከዚያ ቀዩን ገመድ አንስቶ ወደ ፖዘቲቩ ወሰደው።

«ተው! እሱ ነጌቲቭ ነው» አልኩት።

«እህቴ፣ ቀይ ፖዘቲቭ ነው። የትም አገር ሂጂ፣ ቀይ ፖዘቲቭ ነው።»

«የትም ይሁን! እዚህ መኪና ላይ ነጌቲቭ ነው። አባቴ ሲቀይረው መብራት የያዝኩለት እኔ ነኝ!»

«በይ እዚያ ቁርስ ቤት ግቢና ቂንጬሽን ብዪ፤ ስጨርስ አስጠራሻለሁ።»

የሚያውቀው ሰው ያውቀዋል፤ የፖዘቲቭ ዋልታ ከነጌቲቩ ወፈር ይላል። የቀዩ ገመድ መያዣ የተሠራው ለቀጭኑ ነውና አልገባም አለው። ብረቱ እንኳን እምቢ እያለው ነበር! በየነ ግን መያዣውን በመዶሻ መታው። ክንዱን ያዝኩት፤ አራግፎ ጣለኝ። ሁለተኛውን ገመድ ሲያስነካ ብልጭታው ፊታችንን አበራው። ጭሱ ተከተለ። ዲናሞው ተቃጠለ፣ ዋናው ሽቦ ቀለጠ፣ ጋራዡ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ። ተራራ የሚያህል ወተት እንደጫነች መኪናዋ እዚያው ቀረች።

ሌላ መኪና የተገኘው ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ያኔ ወተቱ ኮምጥጧል።

ከሰዓት በኋላ እዚያው ጋራዡ ሽማግሌ ተሰበሰበ፤ የወተቱ ባለቤቶች ጎማ ላይና የተደፋ ጀሪካን ላይ ተቀመጡ። አባቴ አንድ ዓይኑ እንደታሸገ ተመርቶ መጣ። ጌቱም እንቅልፉን ጨርሶ መጥቷል። በየነ ተነስቶ፣ «ቀይ ገመድ በነጌቲቭ ላይ ያሰረ ሰው ነው ጥፋተኛው» ብሎ ተቀመጠ። አፍሬ ሳይሆን ተናድጄ ፊቴ ቀላ። «ነግሬዋለሁ! ሁላችሁም ሰምታችኋል!» አልኩ። «እስቲ ዝም በይ፤ ትላልቅ ሰዎች እየተነጋገሩ ነው» ተባልኩ።

ኦቦ ደበላ ወደ አባቴ ዞሩ። «ገመዱን ያሰርከው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ልጅቷ ነግሬዋለሁ ትላለች። ታውቅ ነበር?»

እኔ አባቴን አየሁት። አንድ ቃል ነው የፈለግኩት። «ታውቃለች፤ እሷን ጠይቋት» ቢል በቂዬ ነበር። አባቴ ግን መሬት መሬቱን እያየ፣ «ኧረ ልጅ ናት፤ ሴት ልጅ ስለ መኪና ከየት ታውቃለች?» አለ።

እንግዲህ ይሄው ነው። ሽማግሌዎቹ «የማንም ጥፋት አይደለም፤ ስህተት ነው» አሉ። በየነ ዲናሞውን እንዲሠራ፣ አባቴ ገበሬዎቹን ይቅርታ እንዲጠይቅ ፈረዱ። ሁሉም ተነስቶ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳመ። እኔን ይቅርታ የጠየቀ የለም፤ የሳመኝም የለም። አባቴ ወደ እኔ እጁን ዘረጋና «ቁልፉን» አለኝ። ሰጠሁት። እሱ ለጌቱ ሰጠው።

መኪናዋ ማታውኑ ተጎትታ ቤት ገብታ ነበር፤ በማግስቱ ኮፈኑን ከፍቼ አየሁ። ቀዩ ገመድ ከጫፍ እስከ ጫፍ በጥቁር ፕላስተር ተጠቅልሏል። በአንድ ዓይኑ፣ በማለዳ ተነስቶ፣ አባቴ ገመዱን አርሞታል! ለገመዱ እውነቱን መለሰለት፤ ለእኔ ግን አንድ ቃል አልተነፈሰም። ያን ቀን ማልቀሴን አስታውሳለሁ፤ ኮፈኑን ስዘጋው ጎረቤት እስኪሰማ ድረስ ነው ያጋጨሁት። በዓመቱ ሱሉልታን ለቅቄ አዲስ አበባ ሥራ ያዝኩ፤ ኋላም ቡራዩ ቤት ሠራሁ።

አባቴ ሊሞት ሁለት ዓመት ሲቀረው ድፍረት አግኝቼ ጠየቅኩት። «አባዬ፣ ያኔ ለምን አታውቅም አልክ?» «ታውቃለች ብል፣ እያወቀች ለምን አላስቆመችውም ብለው አንቺን ይወቅሱሽ ነበር። ልሸፍንሽ ብዬ ነው» አለኝ። ይሁን፤ እውነቱን ነው ብዬ ልቀበል። ግን የወደደኝ አላዋቂ አድርጎኝ ነው። ከወቀሳ አድኖኝ ሥራዬን ለሌላ ሰጠብኝ። እኔ መወቀስ እመርጥ ነበር። ተወቅሼ፣ ግን አዋቂ ተብዬ! ይቅር ብዬዋለሁ ወይ? ነፍስ ይማር እላለሁ፤ ከዚያ በላይ አትጠይቁኝ።

ዛሬ ጠዋት ይሄ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተመለሰብኝ። መካኒኩን ልሰድበው አፌን ስከፍት፣ ናሆም ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ፣

«እኔን ምን ትጠይቀኛለህ? እሷን ጠይቃት፤ እሷ ናት የምታውቀው» አለው።

መካኒኩ ወደ እኔ ዞረ። «ይቅርታ ማዘር፣ በየት በኩል ነው ፖዘቲቩ?»

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን መፍቻውን ከእጁ ተቀብዬ ኮፈኑ ላይ አጎነበስኩና እንባዬን ደበቅኩ። ሽማግሌ አልተሰበሰበ፣ ማንም አላፈረ፣ ሰማይ አልተደፋ። አንድ ትንፋሽ ነው። አባዬ፣ ይሄ ነበር እንዴ የከበደህ?