ውሃው የት አለ?

ላቫጆው ላይ ነብሮ ይሏታል። የውሃ ጎማዋን ይዛ ስትቆም፣ ተሳዳቢው ሾፌር ሁሉ አንደበቱ ይታረማል። ጠዋት ፀሐይዋን ከጀርባዋ አድርጋ ውሃውን ስትረጭ፣ ከመኪናው በላይ ቀስተ ደመና ይዘረጋል፤ አላፊ አግዳሚውም ስልኩን ያወጣል። ይሄኔ ትቆጣለች። «ፀሐይ ከኋላ፣ ውሃ ከፊት፤ ሌላ ተአምር የለውም! ሳትረጥቡ እለፉ!»

ነገሩ እንዳለችው ነው። ብርሃን ጠብታዋ ውስጥ ሲገባ ይታጠፋል፤ ከወዲያኛው ግድግዳዋ ነጥሮ ሲወጣ ደግሞ እንደገና ይታጠፋል። ቀለማት እኩል ስለማይታጠፉ፣ ነጭ ሆኖ የገባው ተበትኖ ይወጣል፤ ቀዩ ከላይ፣ ሐምራዊው ከታች።

አንድ ምሽት ባሏ፣ የሚኒባስ ሾፌሩ፣ እራቱን ትቶ አምፖሉን እያየ ፈገግ አለ። «የማርያም መቀነት ቤታችን ገባ! አምፖሉ ታጥቆታል እኮ።»

«እሰይ! በረከት ነው ልጄ» አሉ እናቱ።

ነብሮ ሳህኑን ከጠረጴዛው ጋር አጋጨችው። «ውሃው የት አለ?»

«የምን ውሃ?»

«ውሃ በሌለበት ምን መቀነት አለ? ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ቆየ። ራሴን ሲያመኝ ብቅ ይላል። አንቺ ደግሞ በመቀነትም ትቀኛለሽ?»

«ተይው፣ መልካም ምልክት አታርክሺ» አሉ አማቷ።

ደሟ ፈላ። «እርስዎ ይመርቁት፤ እኔ ሐኪም ቤት እጎትተዋለሁ!» የመኪናውን ቁልፍ ከኪሱ መንትፋ ደበቀችው።

በማግስቱ ሐኪሟ መርምራው ስታበቃ፣ ነብሮ ያንኑ ጥያቄ ጠየቀቻት። ሐኪሟም ወደ ዓይኑ አመለከተች። «ውሃው እዚህ ነው። የዓይናቸው ግፊት ሲጨምር፣ ከፊት ያለው ብርሃን አስተላላፊ ሽፋን ውሃ ይዞ ያብጣል፤ ብርሃኑን የሚበትነው እሱ ነው። ቀኙን ዛሬውኑ ብናክመው ይተርፋል። ግራው ግን ጠፍቷል፤ አይመለስም።» ወደ እሱ ዞረች። «እንዴት አላስተዋሉም?»

ብድግ ብሎ ወደ በሩ ሄደ። ወደ ኮሪደሩ ሲወጡ ግን «አውቅ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ቀኙን ስሸፍነው ጨለማ ነው። መሪውን ይነጥቁኛል ብዬ ነው።»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የተባለው ለእንዲህ ያለው ሞኝ ነው። ያን ሁሉ መንገደኛ ጭኖ በአንድ ዓይን! ነብሮን የአማቷ ምርቃት አንገበገባት፤ የእሱ ሳቅ አንገበገባት፤ ከሁሉም በላይ ግን አጠገቡ እየተኛች አለማወቋ አቃጠላት። የምትሰድበው ስድብ ሁሉ አነሰባት፤ ዝም ብላ በግራው ቆመች።

እሱ ወዲያ ወዲህ ፈለጋት። «የት ሄድሽ? ጥለሽኝ ሄድሽ እንዴ?»

«እዚሁ ነኝ፣ አንተ ደደብ!» ብላ ጮኸችበትና ወደ ቀኙ ዞረች።