ኢድዋል የመረጠው ጠመንጃ

ኔስታ የወንድሟን ሞት የሰማችው በትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት፣ ትልቁን የድንች መቀቀያ ድስት እየፈገፈገች ሳለ ነው። ዓርብ ነበር፤ ልጆቹ በልተው ወደ ክፍላቸው ገብተዋል። ከወንድሟ ከኢድዋል አጥር አጠገብ የምትኖረው ግዌንዳ በጓሮ በር ገባች። ቦቲ ጫማዋ ጭቃ ነው፤ እጅጌዋ ላይ ደም አለ።

«ኔስታ፣ እጅሽን ከውሃው አውጪና ተቀመጪ» አለቻት።

«ቆሜ እሰማለሁ። ንገሪኝ።»

«ኮርማው ነው። ኢድዋልን ከብረቱ በር ጋር አጣብቆ ደፈጠጠው። ባሌ የኮርማውን ፊት በአካፋ ቢለው ቢለው አልለቅም አለ። ሦስት ጊዜ ተመለሰበት።»

«ነፍሱ አለች?»

«የለችም፣ እህቴ።»

ኔስታ ድስቱን አጥባ ጨረሰች፤ አለቅልቃ ደፋችው፤ እጇን በሽርጧ አደረቀች። መጀመሪያ የመጣባት ሐሳብ «እሁድ ቀረ» የሚል ነበር። ለዚህ ሐሳቧ እስከ ዛሬ ራሷን ይቅር አላለችም።

እሁድ ከወንድሟ ጋር ወደ ትሬፎር ቤት ሊሄዱ ቀጠሮ ነበራቸው። ትሬፎር በሐሰት ተወንጅሎ፣ መንጋጋው ተሰብሮ ሰባት ዓመት የኖረ ሰው ነው። እውነቱን ኔስታ ታውቀዋለች። ለኢድዋል የነገረችው ግን እሱ ከመሞቱ ከሁለት ቀን በፊት ነበር።

ኢድዋል ከኮረብታው ሥር በተወለደበት ቤት የኖረ፣ ሚስት ያላገባ በግ አርቢ ነበር። ቁጣውን ከአባቱ ነው የወረሰው ይላሉ። አባትየው «በእሁድ ቁራ ተኮስክ» ብሎ በልጓም ጠፍር ሲገርፈው ኔስታ ቆጥራለች፤ አሥራ ዘጠኝ ነው። ኢድዋል አላለቀሰም። ሰኞ ሄዶ ሌላ ቁራ ተኮሰ።

አንድ ፀደይ የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ውሻ አምስት ያረገዙ በጎች ዘነጠለ። ኢድዋል ደረሰ፤ አንጀታቸው ሣሩ ላይ የተዘረገፈውን አንድ በአንድ ተኩሶ ገላገላቸው፣ ከዚያም ውሻውን ተኮሰው። ሬሳውን ትከሻው ላይ አድርጎ ሦስት ማይል በእግሩ ሄደ። ሰው ቢራውን በሚጠጣበት ጠረጴዛ ላይ አጋደመውና «ያንተ ነው። ጥሩ ውሻ ነበር፤ በደንብ ቅበረው» ብሎ ወጣ። ቤት ሲደርስ አስታወከ። ይህን ያየችው ኔስታ ብቻ ናት።

ከሰው ሁሉ የሚቀርበው ትሬፎር ነበር። በመከር ወራት ቅዳሜ ቅዳሜ የአደን ውሻቸውን አስቀድመው አጥር ለአጥር ይሄዳሉ፤ የተነሣውን ጥንቸልም ሆነ ወፍ ይተኩሳሉ። በበጋ ደግሞ በትሬፎር ማሳ ላይ የአገሩ ወንዶች ይሰበሰቡና መወርወሪያ ማሽን የሚያስፈነጥረውን የዒላማ ሸክላ ሳህን አየር ላይ ያደቅቃሉ። የኢድዋል ጠመንጃ የአባቱ ናት፤ ሁለት አፈሙዝ ጎን ለጎን፣ ቀላል። ለኮረብታው የምትመች ነበረች፤ ሸክላ ላይ ግን እየዘለለች ታስቸግረዋለች።

«ይህቺ ጠመንጃ ሸክላውን ትታ አንተን ነው የምትመታው» ይለዋል ትሬፎር።

«ዝም ብለህ ቢራውን ግዛ።»

«የተሸነፈ ነው የሚገዛው! ዛሬ ደንብ ተቀየረ እንዴ?»

ኔስታም ጠመንጃ ነበራት፤ ቀጭን፣ ሃያ ቁጥር የሚሏት። የወንዶቹ አሥራ ሁለት ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን አፈሙዙ ይሰፋል። የሃያ ቁጥር ጥይት ትንሽ ስለሆነች በአሥራ ሁለቱ አፈሙዝ ውስጥ ተንሸራትታ ትገባና መሐል ላይ ትቀረቀራለች። ከኋላ ሲያዩት አፈሙዙ ባዶ ይመስላል። ሌላ ጥይት አጉርሰው የተኮሱ እንደሆነ አንዷ በሌላዋ ላይ ትፈነዳለች። የሃያ ቁጥር ጥይት ቢጫ የሚቀባው ለዚህ ነው፤ በዚያ አገር ሁለቱን በአንድ ኪስ የሚይዝ ሰው የለም።

ከሰባት ዓመት በፊት አንድ ሐሙስ ቀን ግን ዝናብ ነበር፤ የኔስታ ኮት በስብሷል። ኢድዋል ከብት ገበያ ስለሄደ የእሱን ኮት ከምስማሩ ላይ አንሥታ ለበሰች፤ አተሩን የሚጨርሱትን ርግቦች ተኩሳ ተመለሰች። የተረፉትን ቢጫ ጥይቶች አውጥታ ኮቱን ቦታው ሰቀለችው። ሁሉንም ያወጣች መስሏት ነበር።

ቅዳሜ ኢድዋል ያንኑ ኮት ለብሶ፣ ጥይቱን ቤት ረስቶ ወጣ። ትሬፎር ከቦርሳው ሁለት እፍኝ ዘግኖ ኪሱ ውስጥ ጨመረለት። እጃቸው በብርድ ደንዝዟል። ዋርካ ከሚያህል ዛፍ ሥር ወፍ ተነሣ፤ ኢድዋል ከኪሱ ሳያይ አጎረሰ፤ ቃታውን ሳበ፤ ቀጭ ብሎ ቀረ። ከፍቶ ቢያይ ባዶ ነው። «ሳላጎርስ ነው እንዴ የዘጋሁት?» አለና ቀይ የአሥራ ሁለት ቁጥር ጥይት ከተተ። ሁለተኛው ወፍ ተነሣ፤ ተኮሰ።

አፈሙዙ እንደ ሸንበቆ ተሰነጠቀ። ግራ እጁ ከአፈሙዙ ሥር ነበር። አውራ ጣቱና ሁለት ጣቶቹ ሄዱ። ውሻዋ ወፍ ለማምጣት የለመደች ናትና ሮጣ ሄዳ አንዱን ጣት አመጣችላቸው፤ ጥርሷን ሳታሳርፍበት በጥንቃቄ ይዛ። ትሬፎር በቀበቶው ክንዱን ጠፍንጎ አሰረ፤ በጀርባው አዝሎ እስከ መንገዱ ሮጠ። ሐኪሞቹ ሰውየው የተረፈው በቀበቶው ነው አሉ።

በተሰነጠቀው አፈሙዝ ውስጥ የተጨማደደ ቢጫ ቀለህ ተገኘ። የትሬፎር ሚስት ሃያ ቁጥር አላት። ጥይቱን የዘገነው ትሬፎር ነው። ኢድዋል ከዚህ በላይ አላሰበም። ኔስታ ስለ ቀለሁ የሰማች ዕለት ኮቱ ትዝ አላት። ቁስሉ ይጥገግለት ብላ ዝም አለች።

በሰባተኛው ሳምንት ኢድዋል እጁን እንደጠቀለለ ወደ ሸክላው ማሳ ሄደ። ትሬፎር እየሳቀ መጣ።

«እንዴት ነው እጅህ፣ ወንድሜ?»

«ይኸው፣ ይህኛው ደህና ነው» አለና በቀኙ አገጩን መታው። ትሬፎር ሲወድቅ በቦቲው ረገጠው፤ ደግሞ ረገጠው። መንጋጋው ሲሰበር ስምንት ሰው ድምፁን ሰማ። ሁለት ጥርስ ሣሩ ላይ ቀረ። «ብቀላቅል ኖሮ አየው ነበር! አየው ነበር!» እያለ በደም አረፋ ይናገራል ትሬፎር። ኢድዋልን አራት ሰው ነው የጎተተው።

ክሱ ከዓመት በላይ ተጓትቶ አራት ወር ታሰረ፤ ከወጣም በኋላ አምስት ዓመት ጠመንጃ እንዳይነካ ሕግ ከለከለው። የትሬፎር መንጋጋ ጠምሞ ገጠመ። ሲናገር የሚያኝክ ይመስላል። ኔስታ በዚያው ወር ጠመንጃዋን ለማያውቃት ሰው ሸጠች። ለምን ሸጥሽ ያላት የለም።

የጠመንጃ ፈቃዱ በተመለሰለት ሳምንት፣ ረቡዕ ዕለት፣ ኢድዋል እህቱን ይዞ ወደ ጠመንጃ ሻጩ ሃቫርድ ሄደ።

«ለምንድን ነው የምትፈልጋት?» አለ ሽማግሌው።

«ለሁለቱም። ለኮረብታውም፣ ለሸክላውም።»

«ሁለት ሚስት በአንድ ቀለበት!»

«አንድም አላገባሁ፣ አቶ ሃቫርድ። እስቲ ቀለበቱን ያሳዩኝ።»

ሽማግሌው ባለ ጎን ለጎኗን አወረደ፤ ከፍቶ ባዶ መሆኗን አሳይቶ ሰጠው። «ይህቺ ቀኑን ሙሉ ብትይዛት ክንድህን አትጎትትም። ግን ሸክላ ላይ መቶ ጥይት ተኩስባትና ማታ ትከሻህን ታየዋለህ። ይህቺ ደግሞ» አለና ሌላ አወረደ፤ «አፈሙዞቿ አንዱ ባንዱ ላይ ናቸው። ትከብዳለች። ክብደቷ ነው የሚጠቅምህ፤ መዞር ከጀመረች መሐል ላይ አትቆምብህም።»

«በዚህች እጅ?»

«ዓይንህን ጨፍንና ወደ ትከሻህ አምጣት። አሁን ግለጥ። ምን ይታይሃል?»

«የጫፏ ነጥብ።»

«ሌላ?»

«ምንም።»

«ጉንጭህ ቦታውን አግኝቷል። ሰደፏ ትንሽ ይረዝምብሃል፤ እኔ አሳጥረዋለሁ።» ከዚያ የኢድዋልን ግራ እጅ አየ። «ለእጅህ ካሰብክ ግን ሃያ ቁጥር ውሰድ። ለሁለቱም ትሆናለች፤ ላባ ናት» አለና ቢጫ ጥይት ባንኮኒው ላይ አቆመ።

የኢድዋል ፊት አመድ መሰለ።

«ያንን ከፊቴ ያንሱልኝ።»

«ምነው?»

«ያንሱልኝ አልኩ! ያ ውሻ ትሬፎር ... መንጋጋው ሲያንሰው ነው። አንገቱን ነበር መስበር።»

ሃቫርድ ጥይቷን አነሣ። ኢድዋል ከባዷን መረጠ፤ ማክሰኞ መጥቶ ሊወስዳት ተስማሙ። ጠመንጃ ሊኖረው ነው። ትሬፎር ከእሱ ማሳ ቀጥሎ ነው ያለው። ኔስታ ከዚህ በላይ ዝም ማለት አልቻለችም።

መንገድ ላይ፣ «ትሬፎር አይደለም» አለችው።

«ምኑ?»

«ጥይቷን ኪስህ የከተተው። እኔ ነኝ። ሐሙስ ቀን ኮትህን ለብሼ ነበር።»

መኪናውን አቆመ። ይመታኛል ብላ ጠበቀች፤ አልሸሸችም። እሱ ወርዶ ወደ ማሳው የእንጨት በር ሄደና በዚያች በቆራጣ እጁ ደበደበው። ጠባሳው ተቀደደ፤ ደሙ እስከ ክርኑ ወረደ። ተመልሶ ገባ።

«ሰባት ዓመት» አለ።

«አዎ።»

«እኔ ሰውየውን ስረግጠው የት ነበርሽ?»

«እዚያው። ከሻይ ማፍያው አጠገብ።»

«አፍ አልነበረሽም?»

«ነበረኝ።»

ሞተሩን አስነሣ። «እሁድ ከጸሎት መልስ እንሄዳለን። ተናጋሪዋ አንቺ ነሽ። እኔ እንበረከካለሁ፣ ይህ ጉልበት ከታጠፈልኝ።»

«ብቻዬን ልሂድ።»

«አይሆንም። የሰበርኩት እኔ ነኝ።»

ዓርብ ጠዋት እጁ እንደ ዳቦ አብጦ ነበር። የግዌንዳ ባል እንደሚለው፣ ኮርማው ሲዞርበት የበሩን መቀርቀሪያ በቶሎ መሳብ አቅቶት ነው የሞተው። እጁ ለምን እንዳበጠ የጠየቀ የለም፤ ኔስታም አልተናገረችም።

ቀብሩ ላይ ትሬፎር መጣ። ጸሎት ቤቱ ውስጥ አልገባም፤ ከአጥሩ ጥግ ቆመ። ሰው ሲበተን ወደ ኔስታ ቀረበ።

«ጥሩ ተኳሽ ነበር» አላት በዚያ በጠመመ አፉ።

«ትሬፎር፣ አንድ ነገር ...»

«ቆይ፣ እኔ ልናገር። ያን ቀን ጥይቶቹን አይቼ ነው የሰጠሁት ብዬ ምዬ ነበር። ግን ብርድ ነበር። ሰባት ዓመት ሙሉ ያንን እፍኝ ሳስበው ... ምናልባት እኔ እሆናለሁ፣ ኔስታ። ሳልነግረው ሞተብኝ።»

አፏን ከፈተች። ቄሱ በስሟ ጠሯት፤ ዞር አለች። ስትመለስ ትሬፎር መንገዱን ተሻግሮ ሄዷል።

ከዚያ ወዲህ ሁለት እሁድ አልፏል። ሃቫርድ ሰደፉን አሳጥሮ ጨርሶ ደውሏል፤ ጠመንጃዋን የሚወስዳት የለም። ኔስታ ሁለቱንም እሁድ ኮቷን ለብሳ እስከ ትሬፎር በር ሄዳለች። አላንኳኳችም። ትሬፎር አሁንም ጥፋተኛው እኔ ነኝ ብሎ ያምናል፤ የነገረው የለም።