ቤዙን ያላየው ቀይ መብራት

እዚህ ኤል ኤ፣ ኖርዝ ሆሊውድ፣ የአምፕሊፋየር ጥገና ሱቅ ውስጥ ሥራ የጀመርኩ ዕለት፣ አለቃዬ ሬይ መጀመሪያ ያደረገው ነገር የኤሌክትሪክ መለኪያዬን፣ መልቲሜትሬን፣ ከእጄ መቀበል ነበር። እኔ ደግሞ አዲስ አበባ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ጨርሼ የመጣሁ ሰው ነኝ፤ ደሜ ፈላ። እሱ ግን ስልኩን ሰጠኝና፣ ለባለ ዕቃው ደውዪ፣ ምን እንደሚሰማው ጠይቂው፣ መለካት ከዚያ በኋላ ነው አለኝ። በዚያን ጊዜ እንግሊዝኛዬ! ላብ በላብ ሆኜ ደወልኩ። ሰውየው አምፕሊፋየሩ የሚጮኸው ጊታሩን ሲያቆም ብቻ እንደሆነ ነገረኝ። ያንን ባይነግረኝ ቀኑን ሙሉ ጤነኛውን ክፍል ስፈታ እውል ነበር።

እዚያው ከረዳትነት ጀምሬ ዋና ቴክኒሻን ሆንኩ፤ ሬይ ሱቁን ሲዘጋ ጡረታ ወጣሁ። መበየጃዬን ግን ፓልምስ ሰፈር ያለው አፓርትመንቴ ይዤው ገባሁ። ከዚያ ወዲህ የሐበሻ ሰፈራችን የፌርፋክስ ሰው ሁሉ የተበላሸ ስፒከር ታቅፎ በሬን ያንኳኳል። እነጫነጫለሁ እንጂ ደስ ይለኛል።

ባለፈው ዓመት የቤተ ክርስቲያናችን መጋቢ ጠሩኝ። ለአምልኮ ከሳሎን ሳሎን ስንዞር ኖረን በመጨረሻ ፌርፋክስ አጠገብ አዳራሽ ተከራይተናል። ግድግዳ የሚጋራን ዳረን የሚባል ነርስ ነው፤ ሌሊት ይሠራል፣ እሁድ ቀን ይተኛል። ወይም ሊተኛ ይሞክራል። የሕንፃው ባለቤት ከእንግዲህ አንድ ስሞታ ከመጣ ኮንትራቱን እንደማያድስ ነግሯቸዋል። መጋቢው ድምፃችን ልክ ሲያልፍ የሚበራ ቀይ መብራት እንድሠራ ለመኑኝ።

ሠራሁ። ማይክሮፎን፣ ማጉያ፣ ቀጥሎ ኦፕ-አምፕ የሚባል ትንሽ ቺፕ ያለው ሬክቲፋየር፣ መጨረሻ ላይ መብራት። ሬክቲፋየሩ የሚወዛወዘውን ድምፅ ወደ አንድ አቅጣጫ አቅንቶ ለመብራቱ ይሰጣል። ባትሪውን ስሰካው ባዶ አዳራሽ ውስጥ መብራቱ ቦግ አለ፤ አልጠፋም አለኝ።

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ሰርኪቱ የሚሠራው በአንድ ባትሪ ስለሆነ፣ ድምፁ የሚወዛወዘው ከዜሮ ተነስቶ ሳይሆን በባትሪው ግማሽ ቮልቴጅ ላይ ተቀምጦ ነው። ሬክቲፋየሩ ያንን የቆመ ቮልቴጅ ድምፅ አድርጎ ይቆጥረዋል። መድኃኒቱ ከፊቱ ሃይ-ፓስ ፊልተር ማስገባት ነው፤ አንድ ካፓሲተርና አንድ ሬዚስተር። የቆመውን ያስቀራል፣ የሚወዛወዘውን ያሳልፋል።

ብሩክ አጠገቤ ነበር። ቤዝ ጊታር የሚጫወተውም፣ ሚክሰሩን የሚይዘውም እሱ ነው። "እትዬ" ይለኝና እዚያው "አንቺ" ይለኛል፤ እዚሁ ያደገ የኤል ኤ ልጅ ስለሆነ ትቼዋለሁ። ሶ፣ ፊልተር ካስገባሽ አይቀር የአውቶቡሱንም ጉርምርምታ ከት አድርጊው፣ በመንገዱ ባለፈ ቁጥር መብራቱ ሊበራ ነው አለኝ። ለሁለታችንም ትክክል መሰለን። ካፓሲተሩ ባነሰ መጠን ወፍራሙንም ድምፅ ስለሚያስቀር አነስ ያለውን በየድኩ።

እሁድ መብራቱ እንደ ጨዋ ልጅ ዝም አለ። መጋቢው ከመድረክ ላይ ፈገግ አሉልኝ፤ ብሩክም መብራቱ እስካልበራ ድረስ ምን ችግር አለ ብሎ ቤዙን ከፍ፣ አሁንም ከፍ አደረገው።

ሰኞ ዳረን መጣ። ድምፁ ከበፊቱ ብሶበታል። ለባለቤቱ ከመንገሩ በፊት ለእኛ ሊነግረን ፈልጎ እንደመጣ ነገረን፤ ደግ ሰው ነው። መጋቢው ጨነቃቸው፤ ያለ ቤዝ እንዘምር አሉ። የብሩክ ፊት ጠቆረ። ያ ልጅ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ መኪና ድራይቭ ሲያደርግ ይውላል፤ እሁድ ያቺ ጊታር ናት ያለችው። አንጀቴን በላኝ።

ያኔ ሬይ የሰጠኝ ስልክ ትዝ አለኝ። ምን እንደሚሰማህ ንገረኝ አልኩት ዳረንን። መጥታችሁ ስሙ አለ።

ቅዳሜ ብሩክን ይዤው ሄድኩ። መጋቢው አዳራሽ ሆነው የእሁዱን መዝሙር ቅጂ በዚያው የድምፅ መጠን ከፈቱልን። የዳረን መኝታ ቤት ውስጥ ቆምን። መዝሙሩ የለም፣ ኪቦርዱ የለም፣ ጭብጨባው የለም። ዱም፣ ዱም፣ ዱም ብቻ። አልጋው አጠገብ ያለው የውኃ ብርጭቆ ይንቀጠቀጣል። ብሩክ መዳፉን ግድግዳው ላይ አሳረፈ።

"እትዬ፣ ይሄ እኔ ነኝ?"

"አንተ ነህ።"

እጁን ከግድግዳው አነሳ። ከዚያ ወደ ዳረን ዞሮ ይቅርታ ጠየቀው።

የዚያኑ ቀን፣ ከአውቶቡሱ ጉርምርምታ ጋር ቤዙንም ከመብራቱ የደበቀውን ትንሹን ካፓሲተር ነቅዬ ትልቁን በየድኩ። የቆመው ቮልቴጅ እንደቀረ ይቀራል፤ ቤዙ ግን አሁን ይገባል። በማግስቱ ብሩክ ገና ሁለት ኖታ ሲመታ መብራቱ በራ። ሳቀና ቀነሰ፤ እስኪጠፋ ድረስ ቀነሰ። መጋቢው ቤዙ ይቀጥል አሉ።

ኮንትራቱ ታደሰ። ዳረን እሁድ እሁድ ይተኛል። አውቶቡስ ሲያልፍ መብራቱ ብልጭ ይላል፤ ብሩክ ዘወር ብሎ ያየኛል፣ እኔም ተወው፣ አልፎ ይሄዳል እለዋለሁ በእጄ።

ፊልተር ከመምረጥህ በፊት፣ ስሞታ ያለው ሰው ክፍል ገብተህ ስማ።